«እስካሁን የት ነበርሽ?» — ስለ ቅርብ፣ አቅምን ያገናዘበና ርኅራኄ ያለው ሕክምና

መግቢያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላል። ስለ ትብብር በተጻፈ ጽሑፍ ሁሉ ይህ ተረት ስለሚጠቀስ አንባቢ ሰልችቶት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ለማህበረሰብ ልምምድ በወጣንበት አንድ የደጋ ቀበሌ፣ የእድር ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ቃሬዛ አየሁ። ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ናቸው፤ በመካከላቸው በጠፍር የተጠላለፈ አልጋ መሰል ነገር አለ። መኪና በማይገባበት አገር የመጀመሪያው አምቡላንስ ይህ ነው። ታማሚው በአራት ሰው ትከሻ ላይ ይሆናል፤ ሌሎች አሥር አሥራ ሁለት ሰዎች እየተከተሉ ይቀያየራሉ። ተረቱ በሥራ ላይ ሲውል እንግዲህ ይህ አይደል?

ውድ አንባብያን፣ የጤና አገልግሎት ለሕዝብ ቅርብ፣ ዋጋው ከአቅም ጋር የሚመጣጠን፣ አሰጣጡም ርኅራኄ ያለው መሆን እንዳለበት በየኮርሱ ተምረናል። ፈተና ላይ ሦስቱን ዘርዝሮ ነጥብ ማግኘትም ቀላል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ግን ሦስቱ ለየብቻ የቆሙ አለመሆናቸውን ነው። አንዱ በሌላው ላይ የተንጠለጠለ ነው። በተለይ በእኛ በባለሙያዎች እጅ ያለው ርኅራኄ ሲጎድል፣ ሌሎች የደከሙበትን ቅርበትም ሆነ ያዋጡትን ገንዘብ ውኃ ይበላዋል። ለማስረጃነት የመረጥኩት የእናቶችን ጤና ነው። ምክንያቱም በዚህ ዘርፍ የሰዓታት መዘግየት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ሦስቱ መዘግየቶች

እ.ኤ.አ. በ1994 ሴሪን ታዴየስ እና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ጠቃሚ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል ነው፤ በወሊድ ጊዜ ችግር የገጠማት እናት ሊያድናት የሚችል ሕክምና እያለ ለምን በጊዜ አታገኘውም? መልሱን በሦስት መዘግየቶች ከፈሉት። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ለመሄድ ወይም ላለመሄድ ሲወሰን የሚባክነው ጊዜ ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚባክነው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጤና ተቋሙ ደጃፍ ከተደረሰ በኋላ ተገቢው ሕክምና እስኪሰጥ የሚባክነው ጊዜ ነው።

በአገራችን ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ቁጥሮች ይናገራሉ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 ሕያው ውልደቶች ጋር ሲነጻጸር የሞቱት እናቶች 871 ያህል ነበሩ፤ በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ደግሞ ከመቶ 5 ብቻ። በ2008 ዓ.ም. ጥናት የእናቶች ሞት ወደ 412 ወርዶ፣ በጤና ተቋም መውለድ ከመቶ 26 ደረሰ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ በተቋም መውለድ ወደ 48 ከፍ አለ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ማንም ብቻውን አላመጣውም። ነገር ግን ከመቶ 48 ማለት በዚያን ጊዜም ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እናቶች እቤታቸው ይወልዱ ነበር ማለት ነው። ለምን? ሦስቱን መዘግየቶች በተራ እንመልከት።

አንደኛው፡ ቤት ውስጥ

ምጥ ሲጀምር ውሳኔው ብዙ ጊዜ የወላዷ ብቻ አይደለም። ባል አለ፣ አማት አለች፣ ጎረቤት አለ። ማርያም ማርያም እየተባለ ይጠበቃል። ምጡ ሲጠና ነው የገንዘብ ነገር የሚነሳው። እዚህ ላይ «ወሊድ እኮ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከክፍያ ነፃ ከሆኑት አገልግሎቶች አንዱ ነው። ግን አብረው የሚሄዱት ሰዎች ይበላሉ፣ ያድራሉ። መድኃኒት ከጠፋ ከውጭ ግዙ ይባላል። በግ ሳይሸጥ የሚሆን አይመስላቸውም፤ ገበያው ደግሞ ቅዳሜ ነው!

ይህን ፍርሃት ለማቃለል ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብ እና በትግራይ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ፣ በኋላ ወደ አብዛኞቹ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አሠራሩ ለእድር አባል አዲስ አይደለም። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣሉ፤ ቤተሰቡ ሲታመም በደብተሩ ይታከማል። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ምዝገባውና እድሳቱ በአብዛኛው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ የሚደረገው ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ የሚኖረው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው።

የመድኑ ምስጢር ያልታመመ ለታመመ መክፈሉ ነው። ጤነኛው «ዘንድሮ አልታመምኩም፣ ገንዘቤን በላችሁት» ብሎ ከወጣና የሚታመመው ብቻ ከቀረ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ መድን በገንዘብ ብቻ አይቆምም፤ በእምነት ነው የሚቆመው። «ብታመም በደንብ ያስተናግዱኛል» ብሎ ያላመነ ሰው አያዋጣም። ይህችን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው፡ መንገድ ላይ

አገልግሎትን ወደ ሕዝቡ ለማቅረብ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ። አብዛኞቹ 10ኛ ክፍል የጨረሱና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ነበሩ። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ፣ 16 ዓይነት የጤና ጥቅሎችን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ያህል ሰው፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ለ25,000 ሰው እንዲያገለግል ተደርጎ ነው የተዘረጋው። ወረዳዎችም አምቡላንስ አገኙ።

ነገር ግን አምቡላንስ የሚደርሰው መንገዱ እስከሚደርስበት ነው። ከዚያ በላይ ያለው የቃሬዛ አገር ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል እንደሚችል ተምረናል። ቃሬዛ እስኪጠራ፣ ወንዶቹ ከየማሳቸው እስኪሰበሰቡ፣ ሁለት ሰዓት ምን አላት? በተራዘመ ምጥ የምትሰቃይ ደግሞ ብትተርፍ እንኳ ለፊስቱላ ትዳረጋለች። በ1974 እ.ኤ.አ. ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ያከማቸው እናቶች ታሪክ በአብዛኛው የዚህ የራቀ መንገድ ታሪክ ነው።

ለዚህ የተገኘው አንዱ መፍትሔ የእናቶች ማቆያ ቤት ነው። ቤቷ የራቀ ነፍሰ ጡር መውለጃዋ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ትቆያለች፤ ምጥ ሲመጣ አዋላጇ እዚያው ናት። እኛ ባየነው ማቆያ ቤት እህሉን፣ ማገዶውንና ቡናውን የሚያዋጣው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ከወለደች በኋላ ገንፎ ይገነፋላታል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። «እዚያ ገንፎ የለ፣ እልል የሚል የለ» ማለት ብዙ እናቶችን እቤት ያስቀረ ምክንያት ነበር።

ሦስተኛው፡ ደርሰው

አሁን በር ላይ ደርሰናል። እዚህ ጋ የሚጠበቀው ብዙ ነው፤ አዋላጅ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ጓንት፣ ደም። ደም መፍሰስን የሚከላከለው ኦክሲቶሲን እንኳ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁም ይጠፋል። እነዚህን ነገሮች የማሟላቱ ሥራ የወረዳው፣ የጤና ጣቢያው ሥራ አመራር ቦርድና የበላይ አካላት ነው። አዋላጇን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ፍሪጅም በጀትም አይፈልግም፤ አቀባበላችን ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ባወጣው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ያደረገው ችግሩን ስላየ ነው። ጽሑፉ በየግድግዳው ተለጥፎ አይተናል። ግድግዳው ግን ታማሚ አይቀበልም፤ የምንቀበለው እኛ ነን።

አንዲት እናት የነገሩኝ

በልምምዱ ጊዜ ከቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር የመድን ደብተራቸውን ያላደሱ ቤቶችን እንጎበኝ ነበር። አንድ ቤት ገባን። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ቆሎ አቀረቡልን፣ ቡና ተጣደ። እኔም ስለ መድን ጥቅም የተማርኩትን ሁሉ አወረድኩት። እሳቸው ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣

«ልጄ፣ ገንዘቡ መች አነሰኝ» አሉ። «እኔ ከዚያ ደጅ ዳግመኛ አልቆምም።»

ካቻምና ምራታቸው በማታ ምጥ ይዟት፣ የእድሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ሦስት ሰዓት በሌሊት ተጉዘዋል። መንገዱ ዳር አምቡላንስ አግኝተው ሲነጋጋ ደረሱ። በሩ ላይ የተቀበላቸው ሰው ወላዷን አየና፣ «እስካሁን የት ነበርሽ? ልትሞቺ ስትደርሺ ነው የምትመጪው?» ብሎ ጮኸ። ልብሷ በጭቃና በደም ርሶ ነበር፤ «ታጥባችሁ አትመጡም?» የሚልም ተጨመረ። የተሸከሟት ወንዶች እዚያው ቆመው ሰሙ።

ምራታቸው በሰላም ተገላገለች። ልጁም እናቱም ደኅና ናቸው። በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ይህ የተሳካ አገልግሎት ነው፤ በሪፖርት ቁጥር ሆኖ አልፏል። ወሬው ግን ከእነሱ ቀድሞ ቀበሌ ገባ።

ከወራት በኋላ የጎረቤታቸው ልጅ ምጥ ያዛት። ቃሬዛው መጣ፣ ወንዶቹ ተሰበሰቡ፤ እሷ ግን «እኔ በሰው ፊት እንደዚያ አልዋረድም» ብላ እንቢ አለች። እቤቷ ወለደች። የእንግዴ ልጁ ዘገየ፣ ደም መፍሰስ ጀመረ። ተሸክመዋት ሲወጡ መንገዱ ዳር ሳይደርሱ አረፈች። ሕፃኑን አሁን አያቱ ናቸው የሚያሳድጉት።

«እነዚያ ልጆች ትከሻቸው እስኪላጥ ተሸክመው አድርሰው ነበር» አሉኝ እማማ። «የት እንደነበርን መንገዱን ጠይቁት።»

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልስ ስላጣሁ ብቻ አይደለም። ወደዚህ ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት በሌላ ቦታ ሦስት ዓመት በዲፕሎማ ነርስነት ሠርቻለሁ። በአንድ የሌሊት ተራ፣ ብቻዬን ሆኜ፣ ሁለት ወላድ አልጋ ላይ እያሉ ሦስተኛዋ ደርሳ ያልኳትን አስታወስኩ። ቃል በቃል፣ «እስካሁን የት ነበርሽ?» ነው ያልኳት። መልስ አልጠበቅኩም፤ ጥያቄ አልነበረማ። ደክሞኝ ነበር፣ ፈርቼም ነበር፤ በእጄ እንዳትሞትብኝ የፈራሁትን ፍርሃት በእሷ ላይ ጮህኩበት። እሷም በሰላም ሄደች። ከእሷ በኋላ በሰፈሯ ማን እንደቀረ ግን እኔ አላውቅም።

ሦስተኛው ወደ አንደኛው ሲመለስ

ከዚህ ታሪክ የተማርኩት ሦስቱ መዘግየቶች ቀጥ ያለ መስመር አለመሆናቸውን ነው፤ ክብ ናቸው። በር ላይ የተነገረ ክፉ ቃል ተመልሶ ቀበሌ ይገባና የሚቀጥለው ቤት ውስጥ የመጀመሪያው መዘግየት ይሆናል። ታዴየስና ሜይንም ይህን አንስተውታል። ርቀትና ወጪ ከባድ እንቅፋት ቢሆኑም፣ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከዋጋው ይልቅ የአገልግሎቱን ጥራት እንደሚያስቀድሙ ጽፈዋል።

እስቲ በዚያች ቀበሌ ምን እንደጠፋ እንቁጠር። መድኑ ነበር፤ አልታደሰም። ቃሬዛው ነበር፤ ቆሞ ቀረ። አምቡላንሱ ነበር፤ አልተጠራም። መንግሥት መኪና ገዝቷል፣ ሕዝቡ አዋጥቷል፣ ኤክስቴንሽኗ በእግሯ ዞራለች፤ ይህን ሁሉ ያበላሸው የአንድ ደቂቃ ቁጣ ነው። ለሟቿ ሞት ምክንያቱ ቁጣው ብቻ ነው አልልም፤ የደም መፍሰስ ጤና ጣቢያም ውስጥ ሊገድል ይችላል። ግን የመዳን ዕድሏ የተዘጋው ቤቷ ውስጥ ነው፤ የዘጋውም ያ ቃል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«ርኅሩኅ ሁኑ» ብሎ መምከር ብቻ በቂ አይመስለኝም። የሚከተሉትን ሐሳቦች ለውይይት አቀርባለሁ።

1ኛ. ጥያቄውን አንጣለው፤ አጠያየቁን እንለውጥ። «እስካሁን የት ነበርሽ?» በቁጣ ሲባል ስድብ ነው። «እንኳን መጣችሁ፤ ምን አዘገያችሁ?» ብለን በኋላ፣ ወላዷ ከተረጋጋች በኋላ፣ ቤተሰቡን ብንጠይቅ ግን መረጃ ነው። መልሱን መዝግበን ከኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር በሚደረገው ስብሰባ ብናቀርብ፣ ድልድይ የጎደለው የት እንደሆነ፣ ስልክ የማይሠራው የት እንደሆነ እናውቃለን።

2ኛ. የተሸከሙትን እንቀበል። አራት ሰው በትከሻው ያመጣትን ታማሚ ይዘን በር ስንዘጋባቸው እነሱም ታማሚ ጠያቂ ብቻ ይመስሉናል። የሥራ ባልደረቦቻችን ናቸው። ውኃ መስጠት፣ እንዴት እንዳለች ወጥቶ መንገር ሁለት ደቂቃ ነው። ቀበሌ ተመልሰው ወሬውን የሚያወሩት እነሱ ናቸው።

3ኛ. ስለ መድኑ በቅጡ እናስረዳ። ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል የመድኑ ሙሉ ተጠቃሚ አይሆንም። ይህን ሳናስረዳ «ወረቀት የለህም፣ ተመለስ» ማለት አንድ አባል ማጣት ነው። እድሮችም ከቀብር አልፈው ለሕክምና ጉዞና ለማቆያ ቤት ስንቅ ቢያስቡ መሠረቱ አላቸው።

4ኛ. ለባለሙያውም ይራራለት። ሌሊቱን ብቻዋን ያደረች አዋላጅ ጠዋት ላይ ፈገግ እንድትል መጠበቅ ከባድ ነው። ተራ የሚያወጣ ኃላፊ፣ ጓንትና መድኃኒት የሚያሟላ ቦርድ፣ ከሕዝቡም «ደክሞሻል፣ እግዜር ይስጥልን» የሚል ሰው ያስፈልጋታል። ርኅራኄ ከላይ ካልወረደ ታች አይደርስም።

5ኛ. ለዲፓርትመንታችን። በስኪል ላብ መርፌ አወጋግ በአሻንጉሊት ላይ እንለማመዳለን፤ እያንዳንዱ እርምጃ በቼክሊስት ነጥብ አለው። ታማሚ አቀባበል ግን «በተፈጥሮ የሚመጣ» ተደርጎ ታልፏል። በተፈጥሮ እንደማይመጣ እኔ ምስክር ነኝ። በጭንቀት ሰዓት ምን እንደምንል በልምምድ ጊዜ ተለማምደን ብንፈተንበት መልካም ነው። መምህራኖቻችን ያስቡበት እላለሁ።

ማጠቃለያ

ቅርበት፣ አቅምና ርኅራኄ እንደ ቃሬዛው ተሸካሚዎች ናቸው፤ አንዱ ትከሻውን ካነሳ ታማሚዋ ትወድቃለች። መንግሥት፣ ሕዝብና ባለሙያ እያንዳንዳቸው የያዙት ጫፍ አለ። የእኛ ጫፍ የመጨረሻው፣ በሩ ላይ ያለው ነው።

በዚያን ቀን ከመውጣቴ በፊት ለእማማ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አንቺ ምን አደረግሽ?» አሉኝ። እኔም እንደዚያ ብዬ እንደማውቅ ነገርኳቸው። ትንሽ አየት አድርገውኝ ቡናውን ቀዱልኝ። ስለ ደብተሩ ሲጠየቁ «እስቲ እናያለን» ብቻ ነው ያሉት። ኤክስቴንሽኗም ቅጿ ላይ «በድጋሚ የሚጎበኝ» ብላ ጻፈች። ተመልሰን የምንሄድበት ቤት ብዙ ነው።

ቸር ይግጠመን።